ስብስብ ሲቀመጥና ሲመለስ፦ የእኩልነቱ ሕግ የት ይጻፍ?

በሒሳብ ትምህርት ከምንተዋወቃቸው ጽንሰ ሐሳቦች መካከል የስብስብን ያህል ቀላል የሚመስል ጥቂት ነው። የአባላቱ ቅደም ተከተል ለስብስቡ ማንነት ለውጥ እንደማያመጣ፣ አንድ አባል ሁለት ጊዜ ቢጻፍም አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚቆጠር ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን እንማራለን። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጌኦርግ ካንቶር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ያደራጀው ይህ ሐሳብ ዛሬ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ራሱን የቻለ የመረጃ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ ስብስብ ከመሠረታዊ ዓይነቶች አንዱ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው በ2.4 እትም ነው።

ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ሜሞሪ ውስጥ ያለ ስብስብ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወይም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ስብስቡን ወደ ፋይል መጻፍ፣ በሌላ ቀንና በሌላ ኮምፒዩተር ደግሞ ከፋይሉ አንብቦ እንደ ነበረ ማቆም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሥራ በባለሙያዎች ዘንድ ሲሪያላይዜሽን ይባላል፤ በሜሞሪ ውስጥ ተበታትኖ ያለውን ነገር በአንድ መስመር ማሰለፍ ማለት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ «መሰደር» እንለዋለን። ሁለተኛውን «መመለስ» እንለዋለን።

ለአንባቢ ልናስረዳ የምንሻው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ስብስብ ማለት አባላቱ ብቻ አይደሉም፤ አባላቱና «ይህ ከዚያ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ?» የሚለውን ጥያቄ የሚዳኘው ሕግ በአንድነት ናቸው። አባላቱን ጽፎ ሕጉን የተወ ሰው ስብስቡን አስቀመጠ ሊባል አይችልም። ይህ ጉዳይ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የግል ጣጣ ብቻ አለመሆኑን፣ በተለይ በአማርኛ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች የመዝገባችንን እውነተኛነት የሚነካ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

ዕድርና ዕቁብ

ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዕድር አባላት መዝገብ ስብስብ ነው። ስሞቹ በፊደል ተራ ቢጻፉ ወይም በምዝገባ ቀን ተራ፣ ዕድሩ ያው ዕድር ነው። የአንድ አባል ስም በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢሰፍር አባሉ ሁለት ሰው አይሆንም። ዋናው ጥያቄ «እገሌ አባል ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ብቻ ነው። የዕቁብ ዕጣ ተራ ግን ስብስብ አይደለም፤ ተርታ ነው። ሦስተኛው ወደ ሰባተኛ ቢዛወር ጠብ ይነሣል። እንዲያውም አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ሊይዝ ስለሚችል ስሙ ሁለት ጊዜ መጻፉ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ፋይል በተፈጥሮው ተርታ ነው፤ ፊደል ከፊደል በኋላ፣ ቁጥር ከቁጥር በኋላ ይጻፍበታል። ስለዚህ ዕድሩም ዕቁቡም ወደ ፋይል ሲገቡ መልካቸው አንድ ይሆናል፤ ሁለቱም የስም ዝርዝር ናቸው። ፋይሉን ከዓመታት በኋላ የሚከፍት ሰው የትኛው ዕድር፣ የትኛው ዕቁብ እንደነበር የሚያውቀው አስቀማጩ አስቀድሞ ጽፎለት ከሆነ ብቻ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የመረጃ መለዋወጫ ቅርጾች አንዱ የሆነው ጄሰን ተርታን ያውቃል፤ ስብስብን ግን አያውቅም። ውጤቱም እንደየቋንቋው ይለያያል። በፓይተን ስብስብን በቀጥታ ወደ ጄሰን ለመጻፍ ብንሞክር ፕሮግራሙ ስሕተት መኖሩን ገልጾ ይቆማል። በጃቫስክሪፕት ግን ያው ሙከራ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ባዶ ቅንፍ ይጽፋል፤ አባላቱ በሙሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋሉ። እንደ እኛ አስተያየት ከሁለቱ የመጀመሪያው የተሻለ ጠባይ ነው። ጮኾ የሚቆም ፕሮግራም የሚያሳፍረው ጸሐፊውን ብቻ ሲሆን፣ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ፕሮግራም ግን የሚጎዳው መዝገቡን አምኖ የተቀመጠውን ሰው ነው።

ሲ.ኤም.ሲ. ስንት ሰፈር ነው?

አሁን ወደ እኩልነቱ ሕግ እንምጣ። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ በኩል የሚገኘው ሲ.ኤም.ሲ. የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ኮፐራቲቫ ሙራቶሪ ኤ ቼሜንቲስቲ ከተሰኘው የኢጣሊያ የሥራ ተቋራጭ አሕጽሮት ነው። የአንድ ድርጅት ደንበኞች አድራሻ በስብስብ ተይዟል እንበል። አንዱ ጸሐፊ «ሲ.ኤም.ሲ.» ይላል፤ ሌላው «ሲኤምሲ»፤ ሦስተኛው «ሲ ኤም ሲ»፤ አራተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ለነዋሪው አንድ ሰፈር ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አራት ነው። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ የተሰጠው የእኩልነት ሕግ «ፊደል በፊደል ተመሳሳይ የሆኑት ብቻ አንድ ናቸው» የሚል ስለሆነ ይህንኑ ፈጽሟል።

የሰው ስም ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በአማርኛ አነባበብ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። በዚህ መሠረት «ፀሐይ» የሚለው ስም 2 ጊዜ 6፣ ማለትም በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል 6፣ ለ«ሥ» 2፣ ለ«ሴ» 2 አማራጭ ስላለ 24 ይሆናል፤ ተያይዞና ተለያይቶ መጻፉን ስንጨምር 48 ይደርሳል። ሁሉም በሥራ ላይ ይውላሉ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ወይም አራቱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው ጽሑፍ ሌላው ጋ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ይሆን ነበር። ይህም ራሱ የመሰደርና የመመለስ ውድቀት ነው፤ ቁጥሮቹ ሳይጎድሉ ተመልሰዋል፣ ቁጥሮቹ የሚነበቡበት ሕግ ግን አብሮ አልተጓዘም። ዩኒኮድ ይህን ፈታ። የእኩልነትን ጥያቄ ግን አልፈታም፤ ሊፈታም አልተነሣም። በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ቁጥር አላቸው፤ ሦስቱም ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። የዩኒኮድ የማስተካከያ ደንቦችም እነዚህን ወደ አንድ አያመጡም። ፍርዱ ለእኛ ተትቷል።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሆነው

ኮምፒዩተር «ይህ አባል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አባላቱን አንድ በአንድ አይፈትሽም። ከእያንዳንዱ አባል ሀሽ የሚባል ቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩም አባሉ የሚቀመጥበትን ሣጥን ይጠቁማል። ከተጠቆመው ሣጥን ሲደርስ በዚያ ካሉት ጥቂት አባላት ጋር ብቻ ያስተያያል። ስለዚህ ሚሊዮን አባላት ያሉትን ስብስብ መጠየቅ መቶ አባላት ያሉትን ከመጠየቅ ብዙም አይከብድም። ሕጉ አንድ ነው፦ እኩል የሆኑ ነገሮች ሁልጊዜ እኩል ሀሽ ሊኖራቸው ይገባል።

ከዚህ አሠራር በመነሣት ስብስብን በሚመልስ ሰው ላይ የሚደርሱ አራት ወጥመዶችን እናያለን።

አንደኛው፣ የሣጥኖቹን አቀማመጥ እንዳለ ማስቀመጥ ነው። ሀሽ የአንድ ፕሮግራም የአንድ ጊዜ ሩጫ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2012 ከወጣው ከ3.3 እትም ጀምሮ የጽሑፍ ሀሽ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ይህም የተደረገው ተንኮለኞች ሆን ብለው አባላቱን ሁሉ በአንድ ሣጥን እንዲታጨቁ በማድረግ አገልግሎቱን እንዳያደናቅፉ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ አባላቱን ብቻ ጽፎ፣ ሲመለስ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ማስገባት ነው። የጃቫ ሀሽሴት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የስብስቡን መጠንና አባላቱን ይጽፋል፣ ሲመለስ ሣጥኖቹን ከመጀመሪያ ይሠራል።

ሁለተኛው፣ ገና ያልተጠናቀቀ አባልን ማስገባት ነው። አንድ የተማሪ መዝገብ የክፍሉን መዝገብ ይጠቁማል፤ የክፍሉ መዝገብ ደግሞ የተማሪዎቹን ስብስብ ይዟል እንበል። ተማሪውን መመለስ ስንጀምር ክፍሉ ይመለስ ይባላል፤ ክፍሉ ሲመለስ የተማሪዎቹ ስብስብ ይሠራ ይባላል፤ ስብስቡም የመለያ ቁጥሩ ገና ያልተሞላውን ያንኑ ተማሪ ሀሹን ይጠይቀዋል። ውጤቱ እንደየቋንቋው ወይ ስሕተት ነው፣ ወይም ተማሪው በተሳሳተ ሣጥን ይቀመጣል። በኋላ ስንጠይቅ ዐይናችን እያየው ስብስቡ «የለም» ይላል። መድኃኒቱ አስቀድሞ አባላቱን ሁሉ መልሶ ማጠናቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ስብስቡን ማቆም ነው።

ሦስተኛው፣ እኩልነትን በሜሞሪ አድራሻ መዳኘት ነው። በጃቫ ለአንድ ዓይነት የራሱን የእኩልነት ሕግ ካልጻፍንለት፣ ሁለት ነገሮች እኩል የሚሆኑት አንድና ያው ቦታ ላይ ሲገኙ ብቻ ነው። ከፋይል የተመለሰ ነገር ግን ሁልጊዜ አዲስ ቦታ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ከጉዞ የተመለሰው አባል ከነባሩ ጋር አይተዋወቅም፤ ሁለቱን ስብስቦች ስናዋሕድ ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል።

አራተኛው ወጥመድ እኛን የፊዚክስ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታል፤ እርሱም የአሥርዮሽ ቁጥሮች ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ እንጂ ከ0.3 ጋር እኩል አይሆኑም። ባለ 64 ቢት የአሥርዮሽ ቁጥር በጽሑፍ ተቀምጦ ሳይለወጥ እንዲመለስ እስከ 17 ጉልህ አኃዞች ሊያስፈልጉት ይችላሉ፤ ለውበት ሲባል በ6 አኃዝ የተጻፈው ቁጥር ሲመለስ ሌላ ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ልኬትን ለማመልከት የሚያገለግለው «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ምልክት ደግሞ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። እንዲህ ያለ አባል ያለው ስብስብ ተሰድሮ ሲመለስ ከነበረው ጋር እኩል ነህ ቢባል አይደለሁም ሊል ይችላል።

ከእንጦጦ የሚታይ ትምህርት

ከሲ.ኤም.ሲ. ቀና ብለን ወደ ሰሜን ስንመለከት የምናየው የእንጦጦ ሰንሰለት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት ነው። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅም መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ በዚያው በእንጦጦ ተሠርቶላት ነበር። እንዲህ ያለ ተቋም የሚሰበስበው መረጃ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ዛሬ ባልተጻፈ ፕሮግራም፣ ዛሬ ባልተወለደ ተመራማሪ ሊነበብ ይገባዋል። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች የእኩልነትን ጥያቄ ከማንም ቀድመው ሊያስቡበት ግድ ሆኖባቸዋል።

ሲሪየስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ እንውሰድ። በአንዱ የኮከብ ዝርዝር ኤችዲ 48915፣ በሌላው ሂፕ 32349፣ በሦስተኛው አልፋ ካኒስ ማዮሪስ ይባላል። ማእከሉ እ.ኤ.አ. በ1972 በስትራስቡርግ የተቋቋመው የሲምባድ የመረጃ ቋት እነዚህን ስሞች አልሰረዘም፤ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ስሕተት ናችሁ አላለም። ሁሉንም ጠብቆ «እነዚህ የአንድ ነገር ስሞች ናቸው» የሚለውን ፍርድ ከስሞቹ ጋር አስቀመጠ። ኮከቡን በሰማይ ላይ ባለው ቦታ ብቻ እንዳንለየው ልኬት ሁሉ ስሕተት አለበት፤ ኮከቡም በቀስታ ይንቀሳቀሳል።

ሌላም ትምህርት አለ። ፍሪድሪኽ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1844 በስሌት የጠረጠረውን አልቫን ግራሃም ክላርክ በ1862 በቴሌስኮፕ አየው፤ ሲሪየስ አንድ ሳይሆን ሁለት ኮከብ ነው። ለመርከበኛ አንድ፣ ለፊዚክስ ሊቅ ሁለት መሆናቸው ተቃርኖ አይደለም። የእኩልነት ሕግ ከጥያቄያችን የሚወለድ ነው፤ ስለዚህም ነው ከመረጃው ጋር መጻፍ ያለበት።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ሞክሼ ፊደላትን አስወግደን ሁሉንም በአንድ ብንጽፍ ችግሩ ያበቃ ነበር» ይላሉ። ለማስተያየት ሲባል ፊደላቱን ወደ አንድ ማምጣት ተገቢ ነው። በማከማቻው ውስጥ ግን እንዲህ ማድረግ የማይመለስ ጥፋት ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ሲያገለግል «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው። ባለስሙም ስሙ ወላጆቹ እንደጻፉለት እንዲቆይ መብቱ ነው። ከብዙ ወደ አንድ የሚወስድ ሥራ ተመልሶ አይፈታም። ስለዚህ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ የማስተያያው መልክ በፕሮግራሙ ከእርሱ ይውጣ።

ሌሎች ደግሞ «ተቀራራቢ ስሞችን አንድ ብለን ብንቆጥርስ?» ይላሉ። ይህ ሒሳቡ የማይፈቅደው ነው። እኩልነት ለመባል ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ጋር እኩል ከሆኑ ሀ ከሐ ጋር እኩል መሆን አለበት። «በአንድ ፊደል ብቻ መለያየት» ይህን አያሟላም። ታደሰና ታደለ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ታደለና ታከለም እንዲሁ፤ ታደሰና ታከለ ግን በሁለት። እንዲህ ያለው ሕግ የስብስቡን አባላት በገቡበት ቅደም ተከተል እንዲወሰኑ ያደርጋል፤ ታደለ ቀድሞ ከገባ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፣ ታደሰና ታከለ ቀድመው ከገቡ ሁለት። ፋይሉ በሌላ ተራ ሲመለስ ሌላ ስብስብ ይሆናል። መቀራረብ ለሰው ዐይን ጥቆማ ሊሰጥ ይችላል፤ ዳኛ ሊሆን ግን አይገባም።

በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ችግሩን በትክክለኛው በር የገባበት ይመስለናል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚለየው በስሙ አጻጻፍ ሳይሆን በጣት አሻራው፣ በዐይኑና በፊቱ ነው፤ ከዚያም የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል። ይሁንና ቁጥሩ ለአሁንና ለወደፊት ነው። በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የተከማቸው የትናንት መዝገብ ቁጥር የለውም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። መድኃኒት የማይስማማት ሴት በአንዱ ካርድ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ከተባለች፣ ማስጠንቀቂያው በአንደኛው ካርድ ላይ ሲቀር ሐኪሙ የሚያየው ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። የስብስብ አባል በትክክል መቆጠሩ እዚህ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፕሮግራም ትምህርት ስንሰጥ ተማሪው መረጃን በፋይል ማስቀመጥ መቻሉን እንፈትናለን፤ ያስቀመጠው እንደ ነበረ መመለሱን ግን እምብዛም አንጠይቅም። እኛ ፈተናው በሁለተኛው ላይ ቢሆን እንመርጣለን። እያንዳንዱ ተማሪ ስብስብ በሚያስቀምጥ ፕሮግራሙ ላይ አምስት ጥያቄዎችን ያቅርብ። የተመለሰው ስብስብ ከነበረው ጋር እኩል ነው ወይ? ነባር አባል እንደገና ሲገባበት ብዛቱ ሳይጨምር ይቀራል ወይ? ሙከራው በሌላ የፕሮግራም ሩጫ፣ ቢቻል በሌላ ኮምፒዩተር ሲደገም ያው ይሆናል ወይ? አባላቱ በፋይሉ ውስጥ በሌላ ተራ ቢቀመጡ ውጤቱ አይለወጥም ወይ? የእኩልነቱ ሕግ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ከፋይሉ ጋር ተጽፏል ወይ?

በተጨማሪም አባላቱን በታወቀ ተራ አሰልፎ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ ያው ስብስብ ሁልጊዜ ያንኑ ፋይል ስለሚሰጥ ሁለት ቅጂዎችን ማመሳከር ይቀላል። የፓይተን ፒክል የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በ3.4 እትም ስብስብን በቀጥታ መጻፍ ቢጀምርም፣ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ የፒክል ፋይል መክፈት አደገኛ መሆኑ አይዘንጋ፤ መመለሱ ራሱ በፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል።

መዝገብ የሚለዋወጡ ተቋማትም ከስም ዝርዝሩ ጋር አንድ ገጽ ይጨምሩ፦ የትኞቹ ፊደላት ለማስተያየት አንድ እንደሚቆጠሩ፣ ክፍተትና ነጥብ ዋጋ እንዳላቸውና እንደሌላቸው፣ ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ፣ አባሉን ከሌላው የሚለየው የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚገልጽ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ማሰብና መስማማት ብቻ ይበቃል። የሞክሼ ፊደላቱን የማስተያያ ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት ደግሞ ከቋንቋ ጥናትና ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሎች የተውጣጡ ጥቂት ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ሥራ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን የሚጀምር ቢገኝ፣ ውጤቱን ሁሉም እንዲጠቀምበት በነፃ እንዲያካፍል አደራ እንላለን።